የልጅ ሥነ ልቦናዊ ምዘና፦ ከፈተናው በፊት ያለው ጥያቄ

"ልጄን ፈትኑልኝ" የሚለውን ቃል በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች በየጊዜው እንሰማዋለን። ከትምህርት ቤት የሚመጣው ደብዳቤም ብዙ ጊዜ "ትኩረት ስለሌለው ይመርመር" ከምትል አንድ መስመር አያልፍም። የወላጁ ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ የመምህሩም እንዲሁ። ግን ይህ ገና ጥያቄ አልሆነም። መጀመሪያ መልስ ሊገኝለት ወደሚችል ጥያቄ መለወጥ አለበት፦ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ አቀላጥፋ ማንበብ ያቃታት ለምንድን ነው? ቁጣው ቤት ውስጥ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው? የንግግሩ መዘግየት ለብቻው የቆመ ነው ወይስ የኦቲዝም አንዱ ገጽታ? በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ድጋፍ ይሰጣት?

እያንዳንዱ ጥያቄ የሚጠራው መሣሪያ የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የንባብ ትክክለኛነትን፣ ፍጥነትን፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት አንብቦ የማውጣት ችሎታን እና የቃላትን ድምፅ ነጣጥሎ የመስማት ችሎታን መለካት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ጥያቄ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ከቤተሰቡ ጋር ረጅም ውይይትና ልጁን ከወላጆቹ ጋር ማየት ነው። ለማንኛውም ልጅ አንድ ዓይነት የፈተና ጥቅል የሚሰጥ ቦታ ካያችሁ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ እንደታለፈ እወቁ። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ሲያዘጋጁ ከፊታቸው የነበረው ጥያቄ የተወሰነ ነበር፦ በመደበኛው ትምህርት መከተል ያቃታቸውና የተለየ እገዛ የሚያስፈልጋቸው ልጆች የትኞቹ ናቸው? መሣሪያው የተወለደው ለእገዛ ነው፤ ቁጥሩ ልጅ ላይ የሚለጠፍ ስም የሆነው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከወላጆች ጋር ብቻ፣ ልጁ በሌለበት፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ መያዝ አለበት። ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ እናቱ ስለ ጥፋቱ ስትዘረዝር ከሰማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ተከሳሽ ሆኖ ነው። በዚህ ውይይት እርግዝናው፣ አወላለዱ፣ የተወለደበት ክብደት፣ የመራመድና የመናገር ጊዜው፣ ትኩሳትና የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የጆሮ ሕመም፣ እንቅልፍ፣ የትምህርት ቤት ለውጥ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ፣ በቤተሰቡ ያለፈ ሐዘን ወይም መለያየት ሁሉ ይጠየቃል። "መቼ ነው የተናገረው?" ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ወላጅ "በጊዜው" ይላል። "አንደኛ ዓመቱን ስታከብሩ ምን ምን ቃል ይል ነበር? ታናሽ እህቱ ስትወለድ በሁለት ቃል ያወራ ነበር?" ብሎ ጊዜውን ከሚታወስ ነገር ጋር ማሰር የተሻለ መልስ ያመጣል። ከዚህ ሌላ ሁለት ጥያቄዎችን ባይዘለሉ እመርጣለሁ፦ እስካሁን ምን ሞክራችሁ ምን ሠራ? ከውጤቱ ምን ብትሰሙ በጣም ያስደነግጣችኋል? የሁለተኛው መልስ በመጨረሻው ውይይት ላይ ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

ልጁ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጡ በፊት ጆሮውና ዓይኑ መታየት አለባቸው። መካከለኛ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ሲጠራ አይሰማም፣ ትእዛዝ ያዛባል፣ ክፍል ውስጥ ይባዝናል፤ ለዓይን ትኩረት የጎደለው ይመስላል። ሌሊት የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ቀን ላይ ይቅበጠበጣል። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ የሚቀርና ሲመለስ ያለፈውን የማያውቅ ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ አንድ ዓይነት ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሐኪም ነው። በእነዚህ ላይ የሥነ ልቦና ፈተና መስጠት የልጁንም የቤተሰቡንም ጊዜ ማባከን ነው።

ፈቃድና ምሥጢርም በዚሁ ቀን ይነሣሉ። ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚደርስ በጽሑፍ ይቀመጣል። የሚነገር ነገር ሁሉ በምሥጢር እንደሚያዝ፣ ልጅ ላይ ጉዳት የመድረስ ስጋት ሲኖር ግን ምሥጢሩ እንደሚነሣ የሚነገረው በመጀመሪያ ነው፤ ነገሩ ከተገለጠ በኋላ መናገር ክህደት ሆኖ ይሰማል። ልጁም በዕድሜው ልክ ተነግሮት ይሁንታውን ይጠየቃል። ሌላው ጥብቅ ነገር፣ ቤተሰቡን በምክር የሚረዳው ባለሙያ "ልጁ ከማን ጋር ይኑር?" ለሚለው የፍርድ ቤት ጥያቄ መዛኝ መሆን የለበትም። ሁለቱ ሚናዎች ተቀላቅለው ለልጁ የበጀ ነገር የለም።

የፈተናው ቀን ላይ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ነጥብ ያንቀሳቅሳሉ። ወንበሩ የልጁ እግር መሬት የሚነካበት ቁመት ይኑረው፤ እግሩ ሲንጠለጠል ሰውነቱ ዕረፍት ያጣል። ጀርባው ወደ መስኮቱ ይሁን። የሰዓት መቁጠሪያው ድምፅ አያውጣ። ዊስክ የሚባለውን የዌክስለር የልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ስትሰጡ እርሳሱ ላጲስ የሌለው ነው፤ ላጲስ ካለው ጥንቁቅ ልጅ በጊዜ የሚለካውን ክፍል ሲያጠፋና ሲያስተካክል ይጨርሰዋል። መነጽር ያለው መነጽሩን ማድረጉን፣ መድኃኒት የሚወስድ መውሰዱንና አለመውሰዱን፣ ሌሊቱን መተኛቱን፣ ቁርስ መብላቱን መጠየቅና መጻፍ ግድ ነው። ትንንሾቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ትምህርት የጀመሩት ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ከሠሩ በኋላ ዕረፍት ይገባቸዋል። ዕረፍቱ ግን በንዑስ ፈተና መካከል አይሰጥም፤ በሁለት ንዑስ ፈተናዎች መሐል እንጂ።

ዕድሜ በስሌት ይወጣል፤ "ሰባት ዓመቱ ነው" አይበቃም። ከፈተናው ቀን የልደት ቀኑ ይቀነሳል፤ ሲበደር አንድ ወር 30 ቀን ተደርጎ ይቆጠራል፤ ቀን ወደ ላይ አይጠጋጋም። 7 ዓመት ከ3 ወር ከ29 ቀን የሆነው ልጅ 7 ዓመት ከ3 ወር ነው። በዊስክ አምስተኛ እትም የማነጻጸሪያ ሠንጠረዡ በየአራት ወሩ ስለሚለወጥ፣ እሱን ወደ 4 ወር ማጠጋጋት ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ይወስደውና ነጥቡን ያዛባል። የልደት ቀኑ በአንድ የዘመን አቆጣጠር፣ የፈተናው ቀን በሌላ ከተጻፈ ደግሞ ስሕተቱ በወራት ሳይሆን በዓመታት ይሆናል። የልደት ወረቀቱን በዓይን ማየት ያሻል።

አሰጣጡ ላይ ደንቡ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት አለ። የልጁ ነጥብ የሚነጻጸረው በዚያው ቃል፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቅደም ተከተል ከተፈተኑ እኩዮቹ ጋር ነው። ቁጥር የማስታወስ ክፍል ሲሰጥ ቁጥሮቹ በሰከንድ አንድ እየሆኑ በእኩል ቃና ይነበባሉ፤ የመጨረሻው ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ አይደገምም። ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያነብ መዛኝ ሳያውቀው ልጁን እያገዘው ነው፤ ያኔ የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል። ልጁ የተናገረው ቃል በቃል ይጻፋል፤ አሳጥሮ መጻፍ በኋላ ሲታረም አንድ ነጥብ ይሁን ሁለት ለመለየት አያስችልም። መልሱ ግልጽ ካልሆነ "እስቲ ጨምርልኝ" ማለት የሚፈቀደው መመሪያው በሚለው ቦታ ብቻ ነው። "ጎበዝ፣ ልክ ነህ!" ማለትም አይገባም፤ ምክንያቱም ቀጣዩን ሲሳሳት ዝም ስትሉ መሳሳቱን ይረዳል። የሚመሰገነው ጥረቱ ነው፦ "በደንብ እየሠራህ ነው፣ ቀጥል"። የማቆሚያ ደንቡም ይከበራል፤ በብዙዎቹ የዊስክ ንዑስ ፈተናዎች ሦስት ተከታታይ ዜሮ ሲሆን ይቆማል። "ምናልባት አራተኛውን ያውቀው ይሆናል" እያሉ መቀጠል ልጁን ማድከም ነው።

ከነጥቡ ጎን ለጎን የሚጻፈው አሠራሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከነጥቡ በላይ የሚናገረውም እሱ ነው። በኩቦች ንድፍ ሲሠሩ እኩል ነጥብ ያገኙ ሁለት ልጆች አስቡ። አንዷ ሁሉንም በትክክል ሠርታለች፤ ግን ሰዓቱ እያለቀባት ነው። ሌላው በጥድፊያ ይሠራል፣ አያይም፣ "ጨረስኩ" ይላል፣ ግማሹ የተሳሳተ ነው። ለመጀመሪያዋ ተጨማሪ ጊዜ ይጠቅማታል። ለሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ ምንም አይጠቅመውም፤ የሚያስፈልገው ከመጨረሱ በፊት እንዲያይ የሚያስታውሰው ሰው ነው። መደበኛው አሰጣጥ ካለቀ በኋላ ሰዓቱን ትቶ እንደገና ማስሞከር ይቻላል፤ ያ በነጥብ አይገባም፣ በሪፖርቱ ግን ይገለጻል።

ስለ ቋንቋ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የቃል ፈተናን ጠረጴዛ ላይ እየተረጎሙ መስጠት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። አንድ ቃል ሲተረጎም ክብደቱ ይለወጣል። በአንዱ ቋንቋ የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ቃል በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሊሆን ይችላል፤ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረው ቅደም ተከተል ይፈርሳል፤ የማቆሚያ ደንቡም ትርጉም ያጣል። ቁጥር የማስታወስ ክፍል እንኳ አያመልጥም፤ የቁጥሮቹ ስም ረዘም በሚልበት ቋንቋ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቁጥር ያንሳል። ሥዕል ብቻ የሚጠቀም መለኪያም ከባህልና ከትምህርት ነፃ አይደለም፤ እርሳስ ይዞ የማያውቅ፣ በወረቀት ላይ ባለ ቅርጽ አስቦ የማያውቅ ልጅ እዚያም ወደ ኋላ ይቀራል። ለልጁ ቋንቋና ማኅበረሰብ የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ከሌለ፣ ቁጥሩን እንደ ቁጥር መጻፍ ትክክል አይደለም። ምን ሠራ፣ ምን አቃተው፣ ሲያሳዩት ምን ያህል ቶሎ ተማረ የሚለውን በቃል መግለጽ ይሻላል። አሳይቶ አስተምሮ እንደገና መፈተን በተለይ የመማር ዕድል ላላገኙ ልጆች ብዙ ነገር ይገልጣል።

ቁጥሩ ሲወጣስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዊስክ አምስተኛ እትም ከ6 ዓመት እስከ 16 ዓመት ከ11 ወር ላሉ ልጆች ነው። አሥር ዋና ንዑስ ፈተናዎች አምስት መስኮችን ይሰጣሉ፦ የቃል መረዳት፣ ቦታና ቅርጽን ማየት፣ አዲስ ነገርን ማገናዘብ፣ የሥራ ትውስታና የአሠራር ፍጥነት። ጠቅላላው ነጥብ ከአሥሩ ንዑስ ፈተናዎች ከሰባቱ ይወጣል። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ነጥቦች ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ መጠን፣ 15 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ይሆናሉ። ወላጆችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ፐርሰንታይል ነው። 85 ያገኘች ልጅ 16ኛ ፐርሰንታይል ላይ ናት፤ ይህ ማለት ከመቶ ጥያቄ 16 መለሰች ማለት አይደለም፤ ከመቶ እኩዮቿ ወደ 16 የሚሆኑት እሷ ላይ ወይም ከእሷ በታች ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳያስረዱ ወረቀቱን መስጠት ቤተሰብን ሌሊቱን ሙሉ ማስለቀስ ነው።

አንድ ነጥብ ደግሞ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ክልል ነው። ጠቅላላው 92 ከሆነ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲታይ ከ87 እስከ 97 ገደማ ነው። ስለዚህ ባለፈው 94፣ ዘንድሮ 91 ያገኘ ልጅ ቀንሷል አይባልም። መስኮቹ በጣም ሲራራቁ ጠቅላላው ነጥብ ብዙ ይሸፍናል፤ በቃል መረዳት 118፣ በአሠራር ፍጥነት 79 ያገኘን ልጅ በአማካይ ቁጥር መግለጽ ሁለቱንም መደበቅ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በመስኮች መካከል 15 ነጥብ ልዩነት ምንም ችግር በሌላቸው ልጆችም በብዛት ይታያል፤ በልዩነት ብቻ ተነሥቶ ምርመራ መጻፍ ስሕተት ነው። ያንኑ ፈተና በወራት ውስጥ መድገምም ነጥብን ከፍ ያደርጋል፤ ልጁ ኩቦቹን ስለለመዳቸው ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ተፈትኖ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያረጀ እትም መጠቀምም ነጥብን ያሳብጣል፤ በብዙ አገሮች ትውልድ ሲቀያየር አማካዩ በአሥር ዓመት ወደ 3 ነጥብ ገደማ ሲጨምር ታይቷልና።

የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚባለው ከ70 በታች በሆነ ቁጥር ብቻ አይወሰንም። ልጁ በየዕለቱ ኑሮው ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ እንዴት ከሰው ጋር እንደሚኖር፣ የተማረውን እንዴት እንደሚጠቀም እንደ ቫይንላንድ ባለ መለኪያ ይጠየቃል፤ የደረጃው ክብደትም የሚወሰነው በዚህ ነው። ኤዲኤችዲ የሚባለውን የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግርም ፈተና ለብቻው አያረጋግጠውም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ሙሉ ትኩረቱን የሰጠው አዋቂ ፊት፣ በየአምስት ደቂቃው አዲስ ነገር እየቀረበለት ማንም ልጅ ሊያተኩር ይችላል። መመዘኛው ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ፣ ለስድስት ወር፣ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ የሚታዩና ኑሮውን የሚያውኩ መሆናቸውን ይጠይቃል። ዕድሜው 17 ለሞላው አምስት ምልክት ይበቃል። በድንጋጤ ውስጥ ያለፈ ልጅም ይቅበጠበጣል፣ አይተኛም፣ የተባለውን አይሰማም፤ "መቼ ጀመረ?" የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ለመለየት ከማንኛውም ፈተና በላይ ይረዳል።

እናት፣ አባትና መምህር የሞሉት መጠይቅ አለመስማማቱ የሚያስደነግጣቸው አዲስ ባለሙያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ቶማስ አኬንባክና ባልደረቦቹ 119 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያዩ፣ ተመሳሳይ ቦታ ያላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ሁለት ወላጆች፣ መልስ የሚዛመደው (1 ፍጹም መዛመድ፣ 0 ምንም አለመዛመድ ሲሆን) በ0.60 ሲሆን፣ የተለያየ ቦታ ያላቸው፣ ለምሳሌ ወላጅና መምህር፣ በ0.28 ብቻ ነበር። ስለዚህ አለመስማማት የተለመደ ነው። "ማን ዋሸ?" ከማለት ይልቅ ልጁ የት የት ይለያያል ብሎ ማየት ነው የሚበጀው። መምህሯ ዝምተኛና አዛኝ ናት ያለቻት ልጅ ቤት ስትደርስ የምትፈነዳ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ነገር ምን እንደሆነ እንጠይቃለን።

ቤተሰቡን አብሮ ማየት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል፦ መጀመሪያ ልጁ የመረጠውን ይጫወታሉ፣ ቀጥሎ ወላጅ የመረጠውን፣ በመጨረሻ ዕቃ ይሰበስባሉ። የሚታየው ማን ጀመረ፣ ልጁ ሲጠራ ወላጅ ዞር ይላል ወይ፣ ትእዛዝ ስንት ጊዜ ይደጋገማል፣ መጨረሻው ላይ ሲጋጩ ማን እንዴት ይመለሳል የሚለው ነው። ዕቃ መሰብሰቡ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይታያል። "ቤተሰብህን ሣል" የሚለው ሥዕል ግን ለጨዋታ መክፈቻ ጥሩ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። አባቱን ትንሽ አድርጎ ስለሣለ አባቱን ይጠላል ብሎ መጻፍ ቤተሰብ ላይ የሚደረግ በደል ነው።

ሪፖርቱ ለማን እንደሚጻፍ ይረሳል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መጀመሪያ የተጠየቁት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይቀመጡ፤ ሠንጠረዡ ወደ ኋላ ይሂድ። ምክረ ሐሳቦቹ ከአምስት እስከ ሰባት ቢሆኑ ይበቃል፤ ሃያ አምስት ምክር ያለበት ወረቀት ላይ አንዱም አይፈጸምም። "ትኩረት ይሰጠው" ምክር አይደለም። "የሒሳብ መምህሯ ሥራውን በሁለት ገጽ ከፍላ ትስጠው፤ የመጀመሪያውን ሲጨርስ ይዞላት ይምጣ" ምክር ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ አለበት። ነጥቦቹ ሲደመሩና ከሠንጠረዥ ሲነበቡ ስሕተት በቀላሉ ስለሚገባ፣ ፊርማ ከመዋሉ በፊት ሌላ ባለሙያ እንደገና ይደምራቸው፤ ካልተገኘ በሌላ ቀን ራስ መድገም።

ለወላጆች መንገሪያው ሰዓት አንድ ሙሉ ሰዓት ይሁን። ስቲቨን ፊን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ግኝቶችን በሦስት ደረጃ መክፈልን ያስተምራል፦ ወላጆች አስቀድመው የሚያውቁት፣ ከሚያስቡት ትንሽ ወጣ ያለ፣ ከሚያስቡት ጋር የሚጋጭ። ከመጀመሪያው ተጀምሮ ወደ ሦስተኛው ይኬዳል። "ሰነፍ ነው" ብለው ለመጡ ወላጆች በመጀመሪያው ደቂቃ "ሰነፍ አይደለም፣ የንባብ ችግር አለበት" ማለት በር ይዘጋል። "የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደምትደክሙ አይተናል" ብሎ ጀምሮ፣ ልጁ አንድ ገጽ ሲያነብ የወሰደበትን ደቂቃና ያረፈባቸውን ቃላት አሳይቶ፣ ድካሙ ከየት እንደመጣ ራሳቸው እንዲናገሩት ማድረግ ይቻላል። ከባዱ ቃል ከተነገረ በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ብዙው አይሰማም፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ አጭር ቀጠሮ የሚያስፈልገው።

ልጁም የራሱ ሰዓት አለው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙ ልጆች በልባቸው ይዘውት የሚመጡት "ሞኝ ነኝ ወይ?" የሚለውን ነው፤ ባይናገሩትም። ለትልልቆቹ በሠሩት ላይ ተመሥርቶ በግልጽ ይነገራል፦ "ስትሰማ ብዙ ነገር ትረዳለህ፤ ፊደሎቹን ወደ ድምፅ መለወጥ ግን ጊዜ ይወስድብሃል። መስከረም ላይ የሚረዳህ ሰው ይኖራል።" ለትንንሾቹ በእነሱ ዓይነት ችግር ያለባት እንስሳ ያለችበት አጭር ተረት ተጽፎ፣ ከወላጅ ጋር ይነበብላቸዋል፤ ልጁ መጨረሻውን መለወጥ ከፈለገ ይለወጥለታል፣ ወረቀቱንም ወደ ቤት ይወስደዋል።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለወላጅም ለመምህርም ስልክ ይደወላል። የሚጠየቀው የትኛው ምክር ተጀመረ፣ የትኛው አልተጀመረም፣ ለምን የሚለው ነው። ያልተጀመረው ብዙ ጊዜ በሪፖርቱ ላይ የሚሠራው ሰው ስም ያልተጻፈለት ይሆናል፤ ያ ምክር ባለቤት ተሰጥቶት እንደገና ይጻፋል።